“ልዩ ኤምአርአይ” ለጭንቅላት ዕጢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ኤምአርአይ ማሽን አጠገብ ነው። ስለዚህ ዘመዱ የጭንቅላት ዕጢ ተጠርጥሮበት ምርመራ የታዘዘለት ሰው ብዙ ጊዜ ይደውልልኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሪፖርቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክና “ምንድነው የሚለው?” ይለኛል። ሪፖርቱን አንብቦ መፍረድ የራዲዮሎጂስቱና የሐኪማችሁ ሥራ ነው። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ፣ የቱ ለምን እንደሚታዘዝና እናንተ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሲቲ ስካን ተነስተናል። ደግሞ ኤምአርአይ ለምን?

ሲቲ ስካን የሚሠራው በኤክስሬይ ነው። ፈጣን ነው፤ የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ለድንገተኛ ሕመምተኛ እሱ መቅደሙ ልክ ነው። አንጎል ግን ለስላሳ ነገር ነው። ዕጢው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ዙሪያው ምን እንደሆነ ለማየት ኤምአርአይ ይሻላል።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃው ውስጥ ሃይድሮጂን አለ፤ ማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ይልክና ሃይድሮጂኑ የሚመልሰውን ምልክት ያዳምጣል። በ1971 ሬይመንድ ዳማዲያን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከአይጥ የተወሰደ ዕጢ የሚሰጠው ምልክት ከጤነኛው ሥጋ እንደሚለይ አሳየ። በ1973 ፖል ላውተርበር ከዚህ ምልክት ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ ሒሳቡን አስተካክሎ ፍጥነቱን ጨመረ። ሁለቱ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ስለዚህ ዕጢን መለየት በኋላ የተጨመረ ጥቅም አይደለም፤ ገና ከጥንስሱ የነበረ ሐሳብ ነው።

“ልዩ ኤምአርአይ” ሲሉን ሌላ ማሽን ነው?

አይደለም። ብዙ ጊዜ ያው ማሽን ነው፣ የሚጫንበት ፕሮግራም ነው የሚለየው። የተለመደው ምርመራ ቅርጽ ያሳያል፦ የት ነው፣ ስንት ሴንቲሜትር ነው፣ ዙሪያው አብጧል ወይ። ልዩዎቹ ሌላ ሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ። አንዱ ውሃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያያል፣ አንዱ ምን ያህል ደም እንደሚሄድ፣ አንዱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል፣ አንዱ የአንጎሉ ክፍል ምን እንደሚሠራ።

ሁሉም ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ሐኪሙ ሲያዝላችሁ “ዶክተር፣ ይሄ የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስልን ነው?” በሉት። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ የጠየቀ ቤተሰብ ገንዘቡም ጊዜውም አይባክንበትም። ጥያቄው የታዘዘበት ወረቀት ላይ ቢጻፍ ደግሞ እኛም ማሽኑን በዚያው ልክ እናዘጋጃለን። “የጭንቅላት ኤምአርአይ” ብቻ ተብሎ የመጣ ወረቀትና “ከጨረር ሕክምና በኋላ የጨመረው ዕጢው ነው ወይስ የሕክምናው ውጤት?” ተብሎ የመጣ ወረቀት የሚሠራላቸው ምርመራ አንድ አይደለም።

ሪፖርቱ “ኮንትራስት ይቀበላል” ይላል። ካንሰር ነው ማለት ነው?

ማለት አይደለም። አንጎል ደም ያመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ አያስገባም፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ጥብቅ ወንፊት ነው። ኮንትራስቱ፣ ማለትም በክንዳችሁ የሚወጉት ጋዶሊኒየም፣ ጤነኛውን ወንፊት አልፎ አይገባም። ወንፊቱ የተጎዳበት ቦታ ላይ ግን ይፈስና ያበራል። እንግዲህ ያበራው ቦታ “እዚህ ወንፊቱ ተቀዷል” ነው የሚለን። ዕጢ ይቀደዋል፣ ኢንፌክሽንም ይቀደዋል፣ ቁስለትም፣ የጨረር ሕክምናም።

ሜኒንጂዮማን ውሰዱ። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ ዕጢ ነው፤ ኮንትራስት ሲወጋ እንደ አምፖል ቦግ ይላል፤ ግን አብዛኛው ካንሰር አይደለም። በተቃራኒው ቀስ ብለው የሚያድጉ አንዳንድ ግሊዮማዎች፣ ማለትም ከራሱ ከአንጎሉ ደጋፊ ሴሎች የሚነሱ ዕጢዎች፣ ምንም ሳያበሩ አንጎሉ ውስጥ ተሰራጭተው ይገኛሉ። ስለዚህ “አበራ” ተብሎ አይለቀስም፣ “አላበራም” ተብሎም አይዘነጋም።

ዕጢ መስሎ ዕጢ ያልሆነ ነገር አለ?

አለ፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መግል። አንጎል ውስጥ የቋጠረ መግል በተለመደው ምስል ዙሪያው ቀለበት ሠርቶ ያበራል። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ ዕጢም ልክ እንደዚያው ቀለበት ይሠራል። አንዱ በአስቸኳይ ተቀድቶ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፣ ሌላው ኦፕራሲዮን፣ ጨረርና ኬሞ። እዚህ ላይ ነው ዲፊዩዥን የሚባለው ምርመራ የሚደርስልን። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ መርፌም የለውም። የሚለካው የውሃ ሞለኪውሎች ምን ያህል እንደልባቸው እንደሚንቀሳቀሱ ነው። መግል ወፍራም ነው፤ ውሃው እግሩ እንደታሰረ ሰው ይሆንበታልና መሃሉ ነጭ ሆኖ ያበራል። መሃሉ የሞተ ዕጢ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይሆንም፣ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይኸው ምርመራ ስትሮክንም ገና በማለዳው፣ ሲቲ ስካን ምንም ሳያይ፣ ያሳያል። አባቱ ፈረንሳዊው ዴኒ ለቢያን ነው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ።

ሁለተኛው ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ብቻ ይይዛል የሚል ሰው አሁንም አለ። አንጎል ውስጥ እንደ ፍሬ የቋጠረ የቲቢ እባጭ ይሠራል፣ አንዱም ብዙውም ሊሆን ይችላል፣ ዕጢ ተብሎም ሊጠረጠር ይችላል። በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ በሽተኛው ወይም አብሮት የኖረ ሰው ቲቢ ታሞ ከነበረ፣ የዛሬ አሥር ዓመትም ቢሆን፣ ተናገሩ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ እንዲሁ ቀለበት ይሠራል። ይህን ለሐኪምና ለራዲዮሎጂስት መደበቅ በገዛ ራስ ላይ መፍረድ ነው፤ ምስጢራችሁን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።

ሦስተኛው የትል ከረጢት። “ጥሬ ሥጋ ስለምንበላ ነው እንዴ?” ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ አንጎል ውስጥ ከረጢት አይሠራም። አንጎል የሚገባው የአሳማው ዓይነት ነው። እሱም አንጎል የሚደርሰው የትሉ እንቁላል ባለበት የተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ነው፤ ስለዚህ አሳማ ቀምሶ የማያውቅ ሰውንም ሊይዝ ይችላል። ምስሉ ላይ ከረጢቱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከታየች የትሉ ጭንቅላት ናት፣ ያኔ ብዙ አያከራክርም።

ስፔክትሮስኮፒ ምንድነው? ምስሉን አየነው፣ ግራፍ ብቻ ነው።

ልክ ናችሁ፣ ግራፍ ነው። አንድ ሁለት ሴንቲሜትር የምታህል ኩብ አንጎሉ ላይ እንመርጣለን፣ ከዚያች ቦታ የኬሚካሎቹን ምልክት ለይተን እናወጣለን። ሥጋ ሳይቆረጥ ማለት ነው። ኤንኤኤ የሚባለው የጤነኛ የነርቭ ሴል ምልክት ነው፤ ዕጢ ነርቩን ሲያጠፋ ይወርዳል። ኮሊን የሴል ሽፋን ሲሠራና ሲፈርስ ይጨምራል፤ ሴሎቹ በፍጥነት በሚባዙበት ዕጢ ከፍ ይላል። የቲቢ እባጭ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው የስብ ምልክት ነው።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ቦታው ከራስ ቅል አጥንት አጠገብ ከሆነ ወይም ደም ካለበት ግራፉ ይበላሻል። በሽተኛው ከተንቀሳቀሰም እንደዚያው። ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም።

ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ ጨረርና ኬሞም ጨርሶ፣ አሁን ኤምአርአዩ “ጨምሯል” አለ። ተመልሶ መጣ ማለት ነው?

በጣም የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስልኩ ውስጥ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለግሊዮብላስቶማ ከ2005 ጀምሮ የተለመደው ሕክምና ከኦፕራሲዮን በኋላ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን ክኒን አብሮ መስጠት ነው። ይህ ሕክምና ዕጢውን ሲመታ አካባቢውን ያስቆጣዋል፤ ያብጣል፣ ወንፊቱ ይቀደዳል፣ ኮንትራስት ሲወጋ ከበፊቱ ሰፍቶ ያበራል። በተለይ ጨረሩ ካለቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 ወራት ይህ የተለመደ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ በጨረር የሞተ ሥጋ ዕጢ መስሎ ብቅ ሊል ይችላል።

ፐርፊዩዥን የሚባለው ምርመራ የሚረዳው እዚህ ነው። ጋዶሊኒየሙ በማሽን ግፊት በሰከንድ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጋል፣ ማሽኑ ደግሞ በየሰከንዱ ተኩል ገደማ እያነሳ ደሙ በአንጎሉ ሲያልፍ ይከታተላል። ሕያው ዕጢ ይርበዋል፣ ለራሱ አዲስ ደም ሥር ይዘረጋል፤ ስለዚህ የደሙ መጠን ከፍ ይላል። የሞተ ሥጋ ደም አይጠራም። ለዚህ ነው ለመርፌው ወፈር ያለ ደም ሥር የምንፈልገው፤ ኬሞ ደም ሥሩን ያደከመው ሰው ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ፣ ክንዱን አሙቆ ቢመጣ ብዙ ይረዳናል። ኩላሊቱ ለማይፈቅድለት ሰው ደግሞ መርፌ የሌለው ዓይነት አለ፤ አንገት ላይ የሚያልፈውን ደም በሬዲዮ ሞገድ ምልክት አድርጎ የሚከታተል።

ይህም ሆኖ መልሱ አንዳንዴ “ሁለቱም ተቀላቅለዋል” ነው። ያኔ ሐኪሙ “ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ እንድገመው” ሊላችሁ ይችላል። ቸል ብሏችሁ አይደለም። ሁለት ምስሎች በጊዜ ተራርቀው ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ምስል ብቻውን የማይናገረውን ይናገራሉ። ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ከሆነም መጠኑንና መቼ እንደተቀየረ ንገሩ፤ መድኃኒቱ እብጠቱንም ብርሃኑንም ስለሚቀንስ ዕጢው የቀነሰ ሊያስመስል ይችላል።

ከኦፕራሲዮን በፊት “ቃል እያሰብሽ ተኚ” አሉኝ። ምን ሊያዩ ነው?

ፈንክሽናል ኤምአርአይ ይባላል። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፤ ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የሰጠ ደም ደግሞ በማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ይለያል። ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋ በ1990 በአይጥ አንጎል ላይ ይህን ካሳየ በኋላ በ1992 ሰው ላይ ተሠራ። ጣት ስታንቀሳቅሱ የእጅ ቦታ፣ ቃል ስታስቡ የቋንቋ ቦታ ይበራል። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው ከዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ ያይና መንገዱን ይመርጣል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር አደራ። የቋንቋው ፈተና በሽተኛው በሚያስብበት ቋንቋ መሆን አለበት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች እናታችሁ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ፊደል የሚጀምር ቃል አስቢ ብትባል ግራ ትጋባለች፣ ምስሉም ደካማ ይሆናል። “በ‘መ’ የሚጀምሩ ቃላት አስቢ” ብትባል ግን መስኮት፣ መሶብ፣ መንገድ እያለች ትሄዳለች። ቀጠሮው ሲያዝ ጀምራችሁ በአማርኛ እንዲዘጋጅ ጠይቁ፤ ሁለት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ደግሞ በሁለቱም ቢፈተን ጥሩ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ቤት ውስጥ አለማምዷት፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ ራሷን ሳትነቀንቅ ነው የምታስበው።

አብሮት የሚሠራው ትራክቶግራፊ ነው፤ በቀለም ያሸበረቀው የነርቭ መንገዶች ሥዕል። ከዲፊዩዥን የሚወጣ ስሌት ነው፣ ፎቶግራፍ አይደለም። የሌለ መንገድ ሊሥል፣ ያለውን ሊዘል ይችላል፤ በተለይ ዕጢው ዙሪያ እብጠት ካለ። ፈንክሽናሉም ከዕጢው አጠገብ ያለ ቦታ እየሠራ ላያሳይ ይችላል። ለዚህ ነው አስቸጋሪ ቦታ ላይ ያለ ዕጢ ሲወጣ በሽተኛውን ነቅቶ እያናገሩ በቀጥታ አንጎሉን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ የሚያረጋግጡት።

ይህ ሁሉ ካለ ናሙና መውሰድ ለምን አይቀርም?

ምስሉ እየቀረበ ነው፣ ግን አልደረሰም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው አመዳደብ ብዙ የአንጎል ዕጢዎች ስማቸውን የሚያገኙት በጂናቸው ጭምር ነው። ግሊዮማ ላይ አይዲኤች የሚባለው ጂን ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም የሚለው የሕክምናውንም የዕድሜውንም ነገር ይወስናል። የተቀየረበት ዕጢ አንድ ልዩ ኬሚካል ያጠራቅማል፤ እሱን ከ2012 ወዲህ በስፔክትሮስኮፒ ከውጭ ማየት ተችሏል። በ2024 ደግሞ ለዚህ ዓይነት ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ የተሠራ ቮራሲዴኒብ የሚባል ክኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የመጨረሻውን ቃል ግን አሁንም በማይክሮስኮፕና በላቦራቶሪ የታየው ናሙና ነው የሚሰጠው። ምስሉ ናሙናው ከየቱ ጥግ ቢወሰድ እንደሚሻል ይመራል፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

መርፌው ጉዳት አለው?

ጋዶሊኒየም ከ1988 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው፣ አለርጂው ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ላይ ግን አንዳንዶቹ ዓይነቶች ቆዳንና ሰውነትን የሚያደርቅ ከባድ በሽታ ማምጣታቸው ታውቋል፤ የኩላሊት ምርመራ የምንጠይቀው ለዚያ ነው። ጥቂት መጠን አንጎል ውስጥ እንደሚቀርም ታይቷል። ከዚያ የተነሳ ጉዳት አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም አውሮፓ በ2017 ብዙ የሚቀሩትን ዓይነቶች አግዳለች ወይም ገድባለች። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተናገሩ፣ በጣም ካላስፈለገ አይወጋም።

ማተብ፣ ንቅሳት፣ ጥይት… የቱን እንናገር?

ሁሉንም። ማግኔቱ ማታም ቀንም አይጠፋም። የማተቡ ክር ጥጥ ብቻ ከሆነ አይጎዳም፣ ብረት መስቀሉን ግን አውልቃችሁ ለቤተሰብ ስጡ። ወርቀ ዘቦ ወይም የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥበብ ሊሞቅና ሊያቃጥል ይችላል፤ የሆስፒታሉን ጋውን ልበሱ። ኩል ምስሉን ያበላሻል፣ ታጥባችሁ ኑ። የአንገትና የግንባር ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ቀለሙ ብረት ካለበት ግን ሊሞቅ ስለሚችል ንገሩን፣ ሲሞቅም እጃችሁ ላይ የምንሰጣችሁን ደወል ተጫኑ።

የቀድሞ ወታደሮች፣ ሰውነታችሁ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ካለ አትዝለሉት። ብየዳ ቤት የሠራችሁም እንዲሁ። ዓይን ውስጥ የገባች የብረት ብናኝ ከተንቀሳቀሰች ዓይን ታጠፋለች፤ በራጅ አይተን ነው የምናስገባችሁ። የልብ ፔስሜከርና የአንጎል ደም ሥር ክሊፕ ያለው ሰው የዕቃውን ካርድ ይዞ ይምጣ፤ አንዳንዱ ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ ይገድላል።

1.5 ቴስላ ነው ያለን። 3 ቴስላ ፍለጋ ውጭ አገር እንሂድ?

ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። ለአብዛኛው ጥያቄ 1.5 ይበቃል። እሱም ቢሆን ከምድር ማግኔት 30,000 ጊዜ ገደማ ይበረታል። 3 ቴስላ ለፈንክሽናልና ለስፔክትሮስኮፒ ይሻላል። ፈረንሳይ ሳክሌ ውስጥ 11.7 ቴስላ የሆነ ማሽን በ2024 የሰው አንጎል ምስል አውጥቷል፤ ለምርምር ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2020 አሜሪካ የፈቀደችው 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ፣ በጎማ እየተገፋ አልጋ አጠገብ የሚቀርብ ማሽን አለ፤ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ከቴስላው በፊት የሚያነበው ሰውና የተጻፈው ጥያቄ ይበልጣል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያለውን ምስል ሌላ ራዲዮሎጂስት እንዲያየው አድርጉ።

ጠባብ ቦታ እፈራለሁ። ስንት ሰዓት ነው?

የተለመደው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ፣ ልዩዎቹ ሲጨመሩ አንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ይጮኻል፣ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል። ዓይናችሁን ከመግባታችሁ በፊት ጨፍኑ፣ ደወሉ እጃችሁ ላይ ነው፣ እኛም እናያችኋለን። ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ስለሚያስፈልጋቸው ስለ ጾሙ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጤቱን እንዴት እንያዘው?

ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ፊልሙም አይበቃም። ሙሉው ምስል ያለበትን ሲዲ ወይም ፍላሽ ጠይቁ። ስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ ፐርፊዩዥን አይለካም፣ ትራክቶግራፊም አይሠራም። አክስቴ ከኦፕራሲዮኗ በፊት የተነሳችው ሲዲ ቤት ውስጥ ጠፍቶ፣ ያነሳት ቦታም ኮፒ ሳያስቀር ቀርቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የታየችው ነጥብ አዲስ ትሁን አሮጌ ማንም ሊነግረን አልቻለም፤ ሦስት ወር ጠብቀን እንደገና ተነሳች፣ ነጥቧም ንቅንቅ አላለችም። ያንን ሦስት ወር ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የተኛ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ኮፒ አሠሩ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ፣ ሲዲው ላይም ስሙንና የተነሳበትን ቀን በማርከር ጻፉበት።